ተርሚናል ሲከፈት ቀጥታ የሥራ ፎልደሬ ላይ እንዲነሳልኝ ምን ላድርግ?

የዌብ_ልጅ

ሰላም ናችሁ? ዊንዶውስ 11 ነው የምጠቀመው። ዊንዶውስ ተርሚናልን በከፈትኩ ቁጥር የሚነሳው ሲ ድራይቭ ላይ በስሜ ከተከፈተው የዩዘር ፎልደር ነው። ሥራዬ ግን በሙሉ ያለው ዲ ድራይቭ ላይ ነው። እዚያ «ሥራ» የሚል ፎልደር አለኝ፣ ፕሮጀክቶቼ ሁሉ የሚቀመጡት እሱ ውስጥ ነው። እና ተርሚናል በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ ድራይቭ መቀየር፣ ከዚያ ሲዲ (ፎልደር መቀየሪያው ትእዛዝ)፣ ከዚያ እንደገና ሲዲ። ሰለቸኝ።

መፍትሔ ስፈልግ ሁሉም የሚለው ለየቅል ነው። አንዱ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ሴቲንግ ቋት) ውስጥ ግቢ ይላል። አንዱ የፓወርሼል ፕሮፋይል ፋይል ላይ አንድ መስመር ጨምሪ ይላል። ሌላው የዴስክቶፑን ሾርትከት ቀይሪ ይላል። የቱ ነው የሚሻለው? አንድ ነገር ልጨምር፦ ኮድ በምጽፍበት ቪኤስ ኮድ ውስጥ ያለው ተርሚናል አሁን በደንብ እየሠራልኝ ነው፣ የከፈትኩት ፕሮጀክት ላይ ነው የሚነሳው። እሱ እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ጥቁር_ስክሪን

እህቴ፣ መልሱ የመጨረሻው ሐሳብሽ ውስጥ አለ። ቪኤስ ኮድ እንዳይነካ ከፈለግሽ ለውጡን የተርሚናሉ ሴቲንግ ላይ አድርጊው። ሼሉን አትንኪው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ይህ የገባው ሰው ዊንዶውስም ላይ ሆነ ሊኑክስ ላይ አይቸገርም። ተርሚናልና ሼል ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። ተርሚናል መስኮቱን፣ ታቡን፣ ፎንቱንና ቀለሙን የሚይዘው ነው። ሼል ደግሞ ውስጡ ሆኖ ትእዛዝሽን የሚቀበለው ነው፤ ፓወርሼል፣ ሲኤምዲ፣ ባሽ፣ ዚሼል ሁሉ ሼል ናቸው። ማንኛውም ፕሮግራም ሲነሳ የሚቆምበት ፎልደር አለው። ያንን ቦታ የሚሰጠው ያስነሳው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ተርሚናል ፓወርሼልን ሲያስነሳ «እዚህ ቁም» ይለዋል። ቪኤስ ኮድም ያንኑ ፓወርሼል ሲያስነሳ የራሱን ቦታ ይሰጠዋል። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ «ኦፕን ኢን ተርሚናል» ስትዪም እንደዚያው።

አሁን የፓወርሼል ፕሮፋይል ላይ «ሴት ሎኬሽን» ብለሽ ዲ ድራይቭን ብትጽፊ ምን ይሆናል? ያ ፋይል የሚነበበው ሼሉ ከተነሳ በኋላ ነው። ማን እንዳስነሳው አያውቅም። ስለዚህ ቪኤስ ኮድ የሰጠውን ቦታ ጥሎ ወደ ዲ ይሄዳል። በቀኝ ክሊክ የከፈትሽውም ወደ ዲ ይሄዳል። አንዱን አስተካክለሽ ሁለቱን አበላሸሽ ማለት ነው።

አሠራሩ ይኸው። ተርሚናሉን ክፈቺ፣ ኮንትሮልና ኮማ አንድ ላይ ተጫኚ። ሴቲንጉ ይከፈታል። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር የምትጠቀሚበትን ሼል ምረጪ፣ ለምሳሌ «ዊንዶውስ ፓወርሼል»። «ስታርቲንግ ዳይሬክተሪ» የሚል ታያለሽ። «ዩዝ ፓረንት ፕሮሰስ ዳይሬክተሪ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት አንሺው። ከዚያ «ብራውዝ» ብለሽ «ሥራ» የሚለውን ፎልደር ምረጪ። ከታች «ሴቭ» በዪ። ሴቭ ማለቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ዲፎልትስ» የሚልም አለ። እሱ ላይ ብትቀይሪ የራሳቸው ቦታ ያልተሰጣቸው ሼሎች ሁሉ ይከተሉታል። የኡቡንቱ ታብ ካለሽ ግን እሱን አልመክርሽም። ኡቡንቱን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራው ዳብልዩኤስኤል 2 የዊንዶውስ ድራይቭ ላይ ያለ ፋይል ሲያነብ በጣም ይዘገያል። የኡቡንቱ ሥራሽ ኡቡንቱ ውስጥ ባለው ሆም ፎልደር ላይ ቢሆን ነው የሚሻለው። ለፓወርሼሉ ብቻ ለይተሽ ስጪው።

የዌብ_ልጅ

ሠርቷል! ቪኤስ ኮድም እንደነበረ ነው። ቀኝ ክሊኩም ባለበት ይከፍታል። ስለ ማብራሪያው በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ነገሩ ገባኝ።

ሰኔ_ዝናብ

እኔም ይህንኑ ሞከርኩ። ግን «ብራውዝ» አላልኩም፣ በእጄ ጻፍኩት። ዴስክቶፕ ላይ እንዲነሳ ነበር የፈለግኩት። ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ ስሜ፣ ዴስክቶፕ ብዬ ሞላሁ። ታቡ ሲከፈት «ስህተት 2147942667» ይልና ከታች የመነሻ ፎልደሩን መድረስ አልቻልኩም ይላል። ፎልደሩ ግን ዓይኔ እያየው አለ።

ጥቁር_ስክሪን

ያ ቁጥር «የፎልደሩ ስም ልክ አይደለም» ማለት ነው። ዋንድራይቭ ባክአፕ በርቶልህ እንደሆነ እይ። ሲበራ ዴስክቶፕህን ወደ ራሱ ፎልደር ውስጥ ይወስደዋል። ዓይንህ የሚያየው ዴስክቶፕ በዩዘርህና በዴስክቶፑ መሃል «ዋንድራይቭ» የሚል ፎልደር ገብቶበታል። ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ አድርግና «ኮፒ አዝ ፓዝ» በል። ትክክለኛው አድራሻ እሱ ነው።

ሌላም ልብ በል። በጽሑፍ ፋይሉ በኩል የምታስተካክል ከሆነ፣ ማለትም ኮንትሮል ሺፍት ኮማ ብለህ ጄሰን ፋይሉን ከከፈትክ፣ አንዱን ባክስላሽ ሁለት አድርገህ መጻፍ አለብህ። ጄሰን ውስጥ ባክስላሽ ብቻውን ሲሆን ሌላ ትርጉም አለው። ወይም ወደ ፊት የሚያጋድለውን ስላሽ ተጠቀም፣ ዊንዶውስ ይቀበለዋል። ሴቲንጉ ላይ በመስኮቱ በኩል ስትሞላ ግን አንድ ብቻ ነው።

ሰኔ_ዝናብ

ልክ ነህ፣ ዋንድራይቭ ነበር። ተስተካከለ።

አንድ ሌላ ጥያቄ። ሁለተኛው ላፕቶፔ ላይ ፓወርሼል ፕሮፋይል ላይ የጻፍኩት መስመር ነበረኝ፣ የፎልደሩ ስም አማርኛ ነው። ሲከፈት ፓዙ አልተገኘም ይላል። የሚያሳየኝ ስም ደግሞ አማርኛ ሳይሆን ምልክት የተለጠፈባቸው የላቲን ፊደሎች ናቸው። ያንኑ መስመር በእጄ ስጽፈው ግን ይሠራል። ይህ ምንድነው?

ፊደል_ገበታ

ይህ የኔ ጉዳይ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የፎልደሮቼን ስም በአማርኛ ነው የምጽፈው፣ መቼም አልቀይርም።

ዊንዶውስ ላይ ተጭኖ የሚመጣው ፓወርሼል ስሪት 5.1 ነው። ይህ ስሪት የስክሪፕት ፋይል ሲያነብ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ «ቦም» የሚባል ምልክት ካላገኘ፣ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በባይት መጻፊያ ዘዴ) የተጻፈ ነው ብሎ አያስብም። በሲስተሙ የድሮ የምዕራባውያን ኮድ ገበታ ያነበዋል። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። 5.1 ታዲያ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። «ሥራ» የሚለው ሁለት ፊደል ስድስት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ የሚታይህ ለዚህ ነው። በእጅህ ስትጽፈው ግን ፋይል አልተነበበም፣ ስለዚህ ችግር የለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ፋይሉን ከቦም ጋር ሴቭ አድርገው። ቪኤስ ኮድ ላይ ከታች በቀኝ በኩል «ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ክሊክ አድርግ፣ «ሴቭ ዊዝ ኢንኮዲንግ» በል፣ «ዩቲኤፍ 8 ዊዝ ቦም» ምረጥ። ወይም ፓወርሼል 7ን ጫን። እሱ ቦም ባይኖርም በዩቲኤፍ 8 ነው የሚያነበው። የዊንዶውስ ተርሚናል ሴቲንግ ፋይል ግን ይህ ችግር የለበትም። እዚያ የተጻፈ አማርኛ እንደተጻፈ ይነበባል። እኔም መነሻ ፎልደሬን ያስቀመጥኩት እዚያ ነው።

ሁለት ጥቃቅን ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ለኮምፒውተሩ «ሥራ» እና «ስራ» ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፎልደሩን በንጉሡ «ሠ» ሰይመህ መስመሩን በእሳቱ «ሰ» ከጻፍክ አይገኝም። ኮፒ አድርግ፣ በእጅ አትጻፍ። ሁለተኛ፣ በድሮው የኮንሶል መስኮት አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ቢታይህ አትደንግጥ። አድራሻው ልክ ነው፣ ፎንቱ ነው የጎደለው። ዊንዶውስ ተርሚናል ፎንቱ ውስጥ ያላገኘውን ፊደል ከሌላ ፎንት ይወስዳል፣ ስለዚህ ይታያል።

ነጠላ_ሰረዝ

ሊኑክስ ተጠቃሚ ነኝ፣ ከ«ጥቁር_ስክሪን» ሐሳብ ትንሽ እለያለሁ።

ሴቲንግ በተርሚናሉ ላይ ማድረግ የሚያዋጣው አንድ ተርሚናል ብቻ ለሚጠቀም ሰው ነው። እኔ ቤት «ኮንሶል» የሚባለው የሊኑክስ ተርሚናል አለኝ፣ ቢሮ ግኖም ተርሚናል ነው፣ ላፕቶፔ ላይ ደግሞ አላክሪቲ። የባሽ ፋይሌን ጊት ላይ አስቀምጬ በሁሉም ማሽን ላይ አወርደዋለሁ። አንድ ሲዲ የሚል መስመር ባሽ ሲነሳ በሚያነበው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ካስገባሁ ሁሉም ጋ ይሠራል። ተርሚናል ብቀይርም አይጠፋብኝም። ደግሞ ግኖም ተርሚናል ሴቲንጉ ላይ የመነሻ ፎልደር መሙያ እኮ የለውም። ኮንሶል አለው፣ ፕሮፋይሉ ላይ «ኢኒሺያል ዳይሬክተሪ» ይላል። ግኖም ላይ ግን ያለው አዲስ ታብ ያለህበትን ፎልደር ይውረስ ወይስ አይውረስ የሚል ምርጫ ብቻ ነው።

ጥቁር_ስክሪን

ፋይሎችህን በጊት መያዝህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ባሽአርሲ ውስጥ ባዶ ሲዲ ማስገባት አደጋ አለው። አንዱን ልንገርህ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ባሽ በኤስኤስኤች (ከሌላ ማሽን በኔትወርክ መግቢያ) በኩል ትእዛዝ ሲላክለትም ባሽአርሲን ያነባል። ከሌላ ማሽን ፋይል በአርሲንክ (የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም) ስትልክና መድረሻውን ሙሉ አድራሻ ሳትጽፍ ስትቀር፣ ፋይሉ የሚያርፈው ሆም ፎልደር ላይ ነው ብለህ ትጠብቃለህ። ሲዲዋ ግን ቀድማ ቦታውን ቀይራዋለች። ፋይሉ ፕሮጀክትህ ውስጥ ይገባል። እዚያ በተመሳሳይ ስም ፋይል ካለ ይተካዋል። ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም። ኡቡንቱና ዴቢያን ባሽአርሲ ላይ ከላይ «ሰው ካልተቀመጠበት ተመለስ» የሚል መስመር አላቸው። ስለዚህ ሲዲህን ከዚያ በታች ካላደረግከው ነገሩ አደገኛ ነው።

ሼሉ ላይ ማድረግ የግድ ከሆነ በቅድመ ሁኔታ አድርገው። «አሁን ያለሁበት ፎልደር ሆም ከሆነ ብቻ ወደ ሥራ ሂድ» በለው። ባሽ ላይ ፒደብሊውዲ የሚባለውን ቫርያብል ከሆም ቫርያብል ጋር ማወዳደር ነው፣ አንድ ኢፍ ይበቃል። በዚህ መንገድ ቪኤስ ኮድ ወይም ፋይል ማናጀሩ ሌላ ቦታ ላይ ሲያስነሳው ሳይነካው ያልፋል።

ነጠላ_ሰረዝ

የአርሲንኩን አላሰብኩትም ነበር፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ኢፏን ጨመርኩ፣ ከዚያ መስመር በታች። ተርሚናሉን በሚከፋፍልልኝ ቲመክስ ላይም ለውጡ ታየኝ፣ አዲስ ፔን (ክፋይ) ስከፍት ያለሁበትን ፎልደር ይዞ ነው የሚከፈተው።

አንድ የሚቀር ነገር አለ፣ ለሌሎች ይጠቅም እንደሆነ፦ ሆም ፎልደሬ ላይ ቆሜ «እዚህ ተርሚናል ክፈት» ብል አሁንም ወደ ሥራ ይወስደኛል። ኢፉ ሁለቱን መለየት አይችልም። ለእኔ ይህ ምንም አይደለም፣ ሆም ላይ ብዙም ሥራ የለኝም።

ማክ_ከሜሪላንድ

ማክ ላይስ? የራሱን የአፕል ተርሚናል ነው የምጠቀመው። ሴቲንጉን አገላበጥኩት፣ የፎልደር መሙያ አላገኘሁም።

ነጠላ_ሰረዝ

የለውም፣ ልክ ነሽ። መንገዱ ይህ ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ «ፕሮፋይልስ»፣ የምትጠቀሚበትን ፕሮፋይል ምረጪ፣ ከዚያ «ሼል» የሚለው ታብ። «ራን ኮማንድ» የሚል አለ። ምልክት አድርጊበትና ሲዲ ብለሽ የፎልደሩን አድራሻ ጻፊ። «ራን ኢንሳይድ ሼል» የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳለበት አረጋግጪ። ያለ እሱ ትእዛዙ ተፈጽሞ ያልቃል፣ የምትጽፊበት ሼል አይቀርልሽም።

«ጄነራል» የሚለው ላይ ደግሞ አዲስ ታብና አዲስ መስኮት በነበርሽበት ፎልደር ይከፈት ወይስ በመደበኛው የሚል ምርጫ አለ። አይተርም 2 ከጫንሽ ግን ቀጥታ ነው፦ ፕሮፋይልስ፣ ጄነራል፣ «ዎርኪንግ ዳይሬክተሪ»። አዲስ መስኮት አንድ ቦታ፣ አዲስ ታብ ሌላ ቦታ እንዲከፈት ለያይተሽም መስጠት ትችያለሽ። ከካታሊና፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ የማክ መደበኛ ሼል ዚሼል ስለሆነ፣ ባሽ ባሽ የሚሉ የድሮ መመሪያዎችን አትከተዪ። የሚነበበው ዚሼልአርሲ ነው።

የሂሳብ_ሰው

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፣ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ውይይታችሁን ሳነብ የኔም ችግር ከዚሁ ጋር የተያያዘ መሰለኝ። ቢሯችን ውስጥ በየወሩ መጨረሻ የሚሠራ ባች ፋይል አለን። የደሞዝ ፋይሎችን ሰብስቦ ወደ ጋራ ድራይቩ ይገለብጣል፣ ዜድ ድራይቭ ላይ ነው። ዝም ብዬ ሁለቴ ስጫነው ይሠራል። «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ስለው ግን ፋይሎቹ የሉም ይላል፣ ዜድ ድራይቭም የለም ይላል። አንድ የቢሮ ልጅ ሬጂስትሪ ላይ «አውቶራን» የሚባል ነገር ላስገባልዎት ብሎኛል። ላስገባ?

ጥቁር_ስክሪን

ጌታዬ፣ እባክዎ አያስገቡት። አውቶራን ላይ የተጻፈ ትእዛዝ ሲኤምዲ በተነሳ ቁጥር ሁሉ ይሠራል፤ እርስዎ ሲከፍቱት ብቻ ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ከበስተጀርባ ሲኤምዲን ሲጠራም ጭምር። እዚያ ላይ ሲዲ ካስገቡ የሌሎች ፕሮግራሞች ባች ፋይል ሁሉ ባልጠበቀው ቦታ ይነሳል። ችግሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅም በጣም ይከብዳል። ለመነሻ ፎልደር ሲባል ሬጂስትሪ መንካት በፍጹም አያስፈልግም።

የእርስዎ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው ይህ ነው፦ ባች ፋይል በአድሚኒስትሬተር ሲነሳ የሚቆመው ፋይሉ ያለበት ቦታ ላይ አይደለም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው «ሲስተም 32» ፎልደር ላይ ነው። ባች ፋይሉ «እዚሁ ያለውን ፋይል አምጣ» ሲል ሲስተም 32 ውስጥ ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆን አንድ መስመር አለ፣ ባች ፋይሉ አናት ላይ ያስገቡት፦ ሲዲ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ዲ፣ ክፍተት፣ ከዚያ በድርብ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የፐርሰንት ምልክት፣ ቲልዳ፣ «ዲፒ»፣ ዜሮ። የመጨረሻዎቹ ያለ ክፍተት ተያይዘው ይጻፋሉ። «ይህ ባች ፋይል ራሱ ወዳለበት ፎልደር ሂድ» ማለት ነው። ስላሽ ዲዋ እንዳትቀር። ሲኤምዲ ላይ ያለ እሷ ሲዲ ድራይቭ አይቀይርም።

ሁለተኛው ዜድ ድራይቭ ነው። የኔትወርክ ድራይቭ ፊደል የሚሰጠው ለገቡበት ሴሽን ነው። በአድሚኒስትሬተር የተነሳ ፕሮግራም ሌላ ሴሽን ስላለው ዜድን አያየውም። ስለዚህ ባች ፋይሉ ውስጥ «ዜድ» ከማለት በሁለት ባክስላሽ የሚጀምረውን የሰርቨሩን ሙሉ አድራሻ ይጻፉ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ፋይል ለመገልበጥ ብቻ ከሆነ አድሚኒስትሬተር ለምን አስፈለገ? ያለ እሱ የሚሠራ ከሆነ እንደዚያው ይተዉት። የደሞዝ ፋይል የሚነካ ነገር በዝቅተኛ መብት ቢሠራ ይሻላል።

የሂሳብ_ሰው

ተባረክ ልጄ። አድሚኒስትሬተር ያስፈለገው አንድ ጊዜ ፈቃድ የለህም ስላለኝ ነበር፣ እሱ ከተስተካከለ ቆይቷል። ስለዚህ እንደ ድሮው ሁለቴ እጫነዋለሁ። አናቱ ላይ ግን መስመሩን አስገብቻለሁ። አውቶራኑንም አስቀርቻለሁ።

ስልክ_ብቻ

የኔ ጥያቄ ከሁላችሁም ይለያል። ላፕቶፕ የለኝም። ፓይተንና ኖድ የምማረው ስልኬ ላይ ተርሙክስ በሚባለው የአንድሮይድ ተርሚናል መተግበሪያ ነው። ተርሙክስ ሲከፈት የሚነሳው ራሱ ውስጥ ካለው ሆም ላይ ነው። እኔ ግን ፋይሎቼን ከስልኬ ፋይል ማናጀር እንዳያቸው ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ነው ያደረግኳቸው። ሁልጊዜ ስቶሬጅ፣ ዳውንሎድስ፣ ፕሮጀክት እያልኩ መውረድ ነው። በስልክ ኪቦርድ ደግሞ አድካሚ ነው። ቀጥታ እዚያ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል?

ፊደል_ገበታ

ይቻላል፣ አሠራሩን እነግርሃለሁ። ግን ዳውንሎድ ላይ ባታደርገው እመርጣለሁ። ምክንያቱን ስማኝ።

ተርሙክስ ሆም ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «ተርሙክስ» የሚባል ስውር ፎልደር አለ። እሱ ውስጥ «ተርሙክስ ዶት ፕሮፐርቲስ» የሚል ፋይል አለ። በናኖ ክፈተው። «ዲፎልት ዎርኪንግ ዳይሬክተሪ» የሚሉት ቃላት በሰረዝ የተያያዙበትን መስመር ፈልግ። ከፊቱ የሃሽ ምልክት ካለ አጥፋ። ከእኩል ምልክቱ በኋላ የፎልደርህን ሙሉ አድራሻ ጻፍ። ሙሉ አድራሻውን ለማወቅ ፎልደሩ ውስጥ ገብተህ ፒደብሊውዲ በል፣ የሚያሳይህን ኮፒ አድርግ። ከዚያ ክፍት ሴሽኖችን ሁሉ በኤግዚት ዝጋና መተግበሪያውን እንደገና ክፈት።

አሁን ዳውንሎድ ለምን እንደማይሆን። የስልኩ የጋራ ማከማቻ እንደ ሊኑክስ ፎልደር አይደለም። ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አይፈጥርም። ፋይልን «ይህ ፕሮግራም ነው፣ ይሠራ» ብለህ ፈቃድ ብትሰጠውም አይቀበልም። ኖድ የምትማር ከሆነ ይህ ቀጥታ ያገኝሃል። በኖድ ጥቅል መጫኛው ኤንፒኤም ኢንስቶል ስትል ሲምሊንክ ሊፈጥር ይሞክራል፣ እዚያ ላይ ይወድቃል፣ ፈቃድ የለም የሚል ረጅም ስህተት ያወጣልሃል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ ኖድ ስልክ ላይ አይሠራም ብሎ ይተወዋል። ይሠራል። ቦታው ነው የማይሆነው።

ስለዚህ ፕሮጀክትህን ተርሙክስ ሆም ውስጥ አድርግ፣ መነሻውንም እዚያ ስጠው። ከውጭ ማየት ከፈለግክ ደግሞ መንገድ አለ። የስልኩ የፋይል መምረጫ ውስጥ ተርሙክስ ራሱን እንደ አንድ ማከማቻ ያሳያል። ብዙ የስልክ ኮድ ኤዲተሮች በዚያ በኩል ሆሙን መክፈት ይችላሉ።

ጥቁር_ስክሪን

አንድ ልጨምር፣ ሳታስበው እንዳይጠፋብህ። ተርሙክስን አንኢንስቶል ካደረግክ ሆሙ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ዳውንሎድ ላይ ያለው ግን ይቀራል። ስለዚህ ሥራህን ወደ ሆም ስታዛውር ጊት ሪፖዚተሪ ክፈትለት፣ ማታ ማታ ፑሽ አድርግ። ኢንተርኔት ውድ ነው ካልክ ፕሮጀክቱን ጠቅልለህ ዳውንሎድ ውስጥ ኮፒ አስቀምጥ። ኖድ ሞጁልስ የሚለውን ፎልደር ተወው፣ እሱ ሁልጊዜ እንደገና ይወርዳል። ቀሪው በጣም ትንሽ ነው።

ስልክ_ብቻ

የኤንፒኤሙ ስህተት አጋጥሞኝ ነበር! ለዚያ ነው ፓይተን ላይ ብቻ ያተኮርኩት። አሁን ወደ ሆም አዛውሬው ኢንስቶል አልኩት፣ አለቀ። ያለ ምንም ስህተት። ኤክስፕረስ ጭኜ ሰርቨር አስነስቻለሁ፣ በስልኬ ብራውዘር አየሁት። እግዜር ይስጥልኝ።

መነሻውም ሠርቷል። ጊቱን ዛሬ ማታ እሞክራለሁ።

የዌብ_ልጅ

ጥያቄዬ ለዚህ ሁሉ ሰው ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም። አንድ የመጨረሻ ልጠይቅ። አሁን ሁለት ቋሚ ደንበኞች አሉኝ፣ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ፎልደር። ከ«ሥራ» ተነስቼ ወደ አንዱ መግባት ቀላል ነው፣ ግን ተጨማሪ ታብ ስከፍት እንደገና «ሥራ» ላይ ይመልሰኛል። ያለሁበት ላይ እንዲከፈት ኮንትሮል ሺፍት ዲ ብዬ ታቡን አባዛሁት። አሁንም «ሥራ» ላይ ነው የሚከፈተው።

ጥቁር_ስክሪን

ማባዛቱ የሚያባዛው ፕሮፋይሉን ነው። ተርሚናሉ አንቺ ሲዲ ብለሽ የት እንደደረስሽ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ሼሉ ብቻ ነው። ሼሉ በየፕሮምፕቱ «አሁን እዚህ ነኝ» ብሎ የሚልክለት ስውር ምልክት አለ። ማይክሮሶፍት የተርሚናሉ ሰነድ ላይ ለፓወርሼልም ለባሽም የተዘጋጀ ኮድ አስቀምጧል፣ ኮፒ አድርገሽ የፓወርሼል ፕሮፋይል ፋይልሽ ላይ ለጥፊው። ይህ ቦታ አይቀይርም፣ ያለሽበትን ብቻ ይናገራል፣ ስለዚህ ቪኤስ ኮድ ላይ ችግር የለውም። ፋይሉ ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል ካለሽ የኤክሲኪውሽን ፖሊሲውን ለራስሽ ዩዘር ብቻ «ሪሞት ሳይንድ» አድርጊው።

ደንበኞቹ ቋሚ ከሆኑ ግን ከዚህ የቀለለ አለ። ሴቲንግ ውስጥ «አድ ኤ ኒው ፕሮፋይል» በዪ፣ ፓወርሼሉን «ዱፕሊኬት» አድርጊው። ስሙን የደንበኛው ስም አድርጊ፣ መነሻውን የእሱን ፎልደር ስጪ፣ የታቡን ቀለም ለየት አድርጊው። ለሁለተኛውም እንደዚያው። ከዚያ ከመደመር ምልክቱ ጎን ካለችው ቀስት ትመርጫለሽ። የቀለሙን ነገር አትለፊው። ሁለት ደንበኛ ጎን ለጎን ተከፍቶ ዲፕሎይ የሚል ትእዛዝ ከመስጠትሽ በፊት የትኛው ታብ ላይ እንዳለሽ በዓይንሽ ይታወቅሻል።

የዌብ_ልጅ

ሁለቱንም ፕሮፋይል ሠራሁ። አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ብርቱካናማ አደረግኳቸው። ጥያቄው ተመልሷል፣ ክሩን «ተፈቷል» ብዬ ምልክት አድርጌበታለሁ።